የጋራው ጠባቂ ማን ነው? ስለ ተፈጥሮ ተሟጋቾች የከፈትሁት ክርና የመጡት ምላሾች

ከሦስት ሳምንት በፊት የወሎ ልጆች በምንወያይበት መድረክ ላይ አንድ ጥያቄ አቅርቤ ነበር። ኬንያ ዋንጋሪ ማታይን፣ ብራዚል ቺኮ ሜንዴስን፣ ሆንዱራስ ቤርታ ካሴሬስን ስታፈራ፣ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ያን ሁሉ ወገን በረኀብ የቀበረችው ወሎ ስለ ምን ስሙ የሚጠራ አንድ የተፈጥሮ ተሟጋች አጣች? አልሁ። በጥያቄ መልክ ላቅርበው እንጂ ነገሩ ክስ እንደ ነበር ያነበበ ሁሉ አውቆታል። በጽሑፌ መጨረሻ ላይ ደግሞ የእኛ አገር ሰው ዛፍ መቁረጥ እንጂ ለዛፍ መቆም አለመደም የሚል ዐረፍተ ነገር ጨምሬ ነበርና፣ ከሁሉ ይልቅ ጠብ የጫረው እርሱ ነው። ክሩ፣ ማለትም ከጥያቄዬ ሥር በተራ የተከታተለው ውይይት፣ እስከ ዛሬ 31 ምላሽ ደርሶታል፤ ጸሐፊዎቹን በምላሻቸው ቁጥር እጠራቸዋለሁ። ዘግይተው የመጡ አንባቢዎች ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ እንዳጠራቸው ስለ ነገሩኝ፣ የተባለውን በራሴ አነጋገር አሰባስቤ አቀርባለሁ። ሰላምታና ምርቃት ብቻ የያዙትን ቁጥር 1 እና ቁጥር 2ን ላኪዎቹን አመስግኜ አልፌአቸዋለሁ። በውጭ አገር ታሪኮች ላይ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ቁጥር 3 ደሴ በመምህርነት የሚያገለግሉ ሰው ናቸው። ክሴን በጨዋ ደንብ ተቀብለው፣ ዋንጋሪ ማታይ በ1977 እ.ኤ.አ. ዛፍ በመትከሏ የኖቤል ሽልማት እንዳገኘች ጻፉና እኛም ብንተክል የማንሸለምበት ምክንያት እንደሌለ አበረታቱን። ቁጥር 4 ሳይውሉ ሳያድሩ አረሟቸው። 1977 የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄ የተመሠረተበት ዓመት ሲሆን፣ የኖቤል የሰላም ሽልማት የተሰጣት በ2004 ነው። አራሚው እንዳሉት ቁም ነገሩ ያለው በመካከል ባሉት ሃያ ሰባት ዓመታት ውስጥ ነው። በ1989 የኬንያ መንግሥት በናይሮቢ መካከል በሚገኘው ኡሁሩ ፓርክ ባለ 60 ፎቅ ሕንፃ ሊያቆም ሲነሣ ተቃውማ በፓርላማ ተዘልፋለች፤ ሕንፃው ግን ሳይሠራ ቀርቷል። በ1999 የካሩራ ደን ለግለሰቦች መከፋፈሉን ስትቃወም ተደብድባ ራሷ ላይ ቆስላለች። ከዚህ ሁሉ በላይ የእኔን ዓይን የሳበው በምላሹ መጨረሻ ላይ የተጠቀሰው ትንሽ ነገር ነው። ንቅናቄው ለገጠር ሴቶች ጥቂት ሳንቲም የሚከፍላቸው ለተከሉት ችግኝ ሳይሆን ለጸደቀው ነበር። ቁጥር 4 ከዚህ ተነሥተው፣ ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥታችን ማስታወቁን አስታወሱና፣ ከመካከላችን በዚያ ቀን ከተከለበት ጉድጓድ ዘንድ በጥቅምት ተመልሶ የሄደ ካለ እጁን ያውጣ አሉ። እስከ አሁን እጁን ያወጣ የለም፤ እኔም አላወጣሁም።

ቁጥር 5 ታሪክ ያጠኑ መሆናቸው ከአጻጻፋቸው የሚታወቅ ሰው ናቸው፤ የመጀመሪያው ጠንካራ ምት ያረፈብኝም ከእርሳቸው ነው። ኢትዮጵያ ከመቶ ዓመት በፊት 40 በመቶ በደን የተሸፈነች ነበረች የሚለው፣ ሁላችንም በትምህርት ቤት የሸመደድነው አባባል በማስረጃ ያልተደገፈ መሆኑን ተመራማሪዎች ከገለጹ ቆይተዋል። ዶናልድ ክራሚ የተባለው የታሪክ ሊቅ ደግሞ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ወሎ ውስጥ የተነሡ ፎቶግራፎችን ይዞ፣ በ1997 እነዚያኑ ቦታዎች ከዚያው አቅጣጫ እንደገና አንሥቶ ሲያነጻጽር፣ በብዙዎቹ ላይ ያገኘው ከቀድሞው የበለጠ ዛፍ ነው። ረኀቡንም ቢሆን የመሬት መራቆት ብቻ አላመጣውም። አማርትያ ሴን እንዳሳየው በ1966ቱ ረኀብ ጊዜ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ አገር የወጣ እህል ነበር። የጠፋው የገበሬው የመግዛት ዐቅም ነው። ስለዚህ ገበሬው ዛፉን ቆርጦ ራሱን በረኀብ ፈጀ የሚለው ትረካ ከተሜው ለራሱ ኅሊና ያበጀው ማስተዛዘኛ ነው ሲሉ ደመደሙ። የመጨረሻዋ ቃል ለእኔ የተላከች መሆኗን ተረድቻለሁ።

ቁጥር 6 ይህን አልተቀበሉም። በፎቶግራፉ ላይ በዛ የተባለው ዛፍ ባሕር ዛፍ ነው፤ ባሕር ዛፍ ደግሞ ምንጭ የሚያደርቅ፣ ከሥሩ ሣር የማያበቅል እንጨት እንጂ ደን አይባልም ብለው በቁጣ ጻፉ። ቁጥር 7 በበኩላቸው አባታቸው ቤት የከደኑትም፣ እርሳቸውን ወልዲያ ልከው ያስተማሩትም በባሕር ዛፍ አጣና ሽያጭ መሆኑን፣ ይህ ዛፍ ባይኖር ኖሮ የየደብሩ ጽድና ወይራ እስከ ዛሬ ማገዶ ሆኖ ያልቅ እንደ ነበር መለሱ። ይህ ክርክር ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን ከገባ ጀምሮ ሲካሄድ የኖረ በመሆኑ እዚህ መድረክ ላይ ያልቃል ብዬ አልጠበቅሁም፤ አላለቀምም።

ወደ ጥያቄው የመለሱን ቁጥር 8 ላይ የጻፉት እኅታችን ናቸው። እናታቸው ከቦሩ ሜዳ ደሴ ድረስ እንጨት ተሸክመው በመሸጥ ያሳደጓቸው መሆናቸውን ገልጸው፣ በሕንድ ሂማላያ ሥር በምትገኘው ሬኒ መንደር በ1974 እ.ኤ.አ. የሆነውን ተረኩ። ወንዶቹ ለመሬታቸው ካሣ ትቀበላላችሁ ተብለው ከተማ በተጠሩበት ቀን ቆራጮቹ ወደ ደኑ ወጡ። ጋውራ ዴቪ የተባለች ባልቴት የመንደሩን ሴቶች አስከትላ ዛፎቹን አቅፈው ቆሙ፤ ቆራጮቹም በመጨረሻ ተመለሱ። ቺፕኮ የሚባለው ንቅናቄ ስሙ የገነነው ከዚህ በኋላ ነው። እኅታችን አጥብቀው የሚሉት፣ ሴቶቹ ያቀፉት ዛፉ ስላማራቸው አለመሆኑን ነው። ከአራት ዓመት በፊት በ1970 የአላክናንዳ ወንዝ ሞልቶ አካባቢውን ጠርጎት ነበርና የተራቆተ ተዳፋት ምን እንደሚያመጣ አይተውታል፤ ደኑ ሲርቅ ውኃውንም ማገዶውንም ፍለጋ ርቆ የሚሄደው የሴት እግር መሆኑንም ያውቃሉ። እናታቸው በእያንዳንዱ ዓመት እንጨት የሚለቅሙበት ቦታ ምን ያህል እየራቀ እንደ ሄደ በእርምጃ ሊነግሩን ይችሉ እንደ ነበርም ጨምረዋል። ቁጥር 9 ዛፍ ማቀፍ በቺፕኮ አለመጀመሩን፣ በ1730 በራጃስታን ኬጃርሊ በምትባል መንደር 363 የቢሽኖይ እምነት ተከታዮች ለዛፎቻቸው ሲሉ መገደላቸውን አስታውሰው እርማታቸውን አኖሩ። እርማቱ ትክክል ነው፤ ሆኖም የእኅታችንን ነገር ሳያቋርጡ ቢያኖሩት ይሻል ነበር።

ቁጥር 10ን ሳነብ ደነገጥሁ። የጻፉት ሴት ከተሁለደሬ፣ እኔ ከተወለድሁበት ጎጥ መሆናቸውን የተረዳሁት በሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ነው። እንደ እርሳቸው አገላለጽ፣ ከመንደራችን በላይ ያለው ጋራ በደርግ ዘመን ተከልሎ ከብት እንዳይገባበት ሲደረግ አንድ ጎልማሳ ጠባቂ ተሹሞለት ነበር። በ1983 ዓ.ም. ያ መንግሥት ወድቆ አዲሱ እስኪደራጅ ድረስ በነበሩት ወራት፣ በየአገሩ የማኅበር ደን እየተባለ የተተከለው ሁሉ ሲመነጠርና እርከኑ ሲፈርስ፣ የዚህን ሰው ደመወዝ የሚከፍል ቀርቶ ስሙን የሚያውቅ ቢሮ እንኳ አልነበረም። ሰውየው ግን ከጋራው አልወረደም። መጥረቢያ ይዘው የመጡትን ብቻውን እንደማይመልሳቸው ሲገባው፣ በአንድ ማለዳ መጀመሪያ ከሼሁ ዘንድ፣ ቀጥሎም ከቄሱ ዘንድ ሄደ። በዚያው ሳምንት ሼሁ ሕዝቡን ሰብስበው ዱአ አስደረጉበት፤ ቄሱም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ገዘቱ። ቅሬውም፣ ማለትም የመንደሩ የቀብር ዕድር፣ ተሰብስቦ ከጋራው እርጥብ የቆረጠ ሰው ሲሞትበት ቀባሪ እንዳይወጣለት ወሰነ። በአጎራባች ቀበሌ ያለው ጋራ ራቁቱን ሲቀር የእኛው የተረፈው በዚህ ነው። ጸሐፊዋ የዘጉት፣ ይህን ሰው ክሩን የከፈቱት ወንድማችን ሳያውቁት አይቀሩም በማለት ነበር።

በእርግጥም አውቀዋለሁ። ቁጥር 11 የእኔ መልስ ነውና እዚህም ሳልሸሽግ ላስፍረው። በ1990 ዓ.ም. ገደማ እረኛ ሳለሁ፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ጠብቄ ፍየሎቻችንን ወደ ክልሉ እነዳ ነበር። አንድ ምሽት ሁለቱን ያዘብኝና ወስዶ ከበረቱ አሰራቸው። እናቴ ቅጣቱን አንድ ቁና ማሽላ ሰፍራ ሰጥታ አስፈታቻቸው፤ ያ ማሽላ ከቤታችን ሲወጣ ያየሁበት ዓይን አሁንም አይረሳኝም። እኔም ከሁለት ባልንጀሮቼ ጋር ሆኜ ሌሊት ሄጄ ማማውን አፈረስሁበት። በማግስቱ ከብቱን ይዤ በዚያ ሳልፍ፣ ሰውየው እንጨቱን አንድ በአንድ እየለቀመ መልሶ ሲያቆመው አየሁት፤ አየኝም፣ ግን ምንም አላለኝም። ከዚያ በኋላ ተምሬ ደሴ ገባሁ፤ በዚያ ሁሉ ዘመን ስለ ተፈጥሮ ተሟጋቾች ሳነብ ያ ሰው አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

ኑዛዜዬ ምስጋና ያስገኝልኛል ብዬ ከሆነ ቁጥር 12 አሳፍረውኛል። እኒህ ሰው የጻፉት ከሁሉም የመረረ ነው። እረኛው ልጅ አጥፊ፣ ጠባቂው ጀግና የሆነበት ተረት ፍየል ብቻ የነበራትን ሴት ይረሳል አሉ። በሬ ያለው ገበሬ ጋራው ቢዘጋ ገለባ አለው፤ መሬት የሌላት ባልቴት ግን የምታሰማራው በዚያው ጋራ ላይ ብቻ ነበር። በእርሳቸው ቀበሌ ጋራው ሲከለል ፍየሎቻቸውን በርካሽ ሸጠው ልጆቻቸውን ወደ ዓረብ አገር የላኩ ቤተሰቦችን በጣታቸው ቆጥረው ሊነግሩን እንደሚችሉ፣ ማንም ደግሞ እነዚያን ሴቶች ሰብስቦ እንዳልጠየቃቸው ጻፉ። በመጨረሻም የእኔ እናት የሰፈረችው ማሽላ ለማን እንደ ገባ ጠየቁኝ። ለጠባቂው መግባቱን አውቃለሁ፤ ያው ነበር ደመወዙ። መልሱን ስጽፍ እጄ ከብዶኝ ነበር።

ክሩ ከዚህ በኋላ ነው የበሰለው። ቁጥር 13 ላይ የጻፉት ሰው የቁጥር 12ን ቁጣ ሳያጣጥሉ፣ ቺኮ ሜንዴስ በአማዞን ደን ያስጀመረው ነገር ለዚህ ጥያቄ መልስ የያዘ መሆኑን አስረዱ። ሜንዴስ ከዛፍ የጎማ ወተት እየቀዳ የሚኖር የሠራተኛ ማኅበር መሪ ነበር። ከባልደረቦቹ ጋር በመጋዝ ፊት እየቆመ ሲያግድ የጠየቀው ደኑ ለሰው ሁሉ እንዲዘጋ ሳይሆን፣ በደኑ ለሚኖሩት ሰዎች መተዳደሪያ ሆኖ እንዲከለል ነው። በ1988 በቤቱ በር ላይ ተገደለ፤ በ1990 በስሙ የተሰየመው ክልል ሲቋቋም የጎማ ቀጂዎቹ በውስጡ የመኖርና የመጠቀም መብት ይዘው ነው። ሰውን አስወጥቶ የሚጠበቅ ደን ጠባቂው በተኛ ቀን ያልቃል፤ ድርሻ ያለበት ደን ግን ባለድርሻው ሁሉ ይጠብቀዋል።

ቁጥር 14 የመንዝ ሰው ናቸው። የወሎ ልጆች ጉዳይ ውስጥ መግባታቸውን ይቅርታ ጠይቀው፣ ለዚህ ብራዚል ድረስ መሄድ እንደማያስፈልግ ነገሩን። ከወሎ ድንበር እምብዛም ሳይርቅ የመንዝ ጓሳ አለ። ሕዝቡ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ያን አምባ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲጠብቀው ኖሯል። ሣሩ በተከታታይ ለሦስትና ከዚያም በላይ ለሆኑ ዓመታት ይዘጋል፤ የሚከፈትበት ቀን ሲታወጅ ለቤት ክዳንም፣ ለገመድም፣ ለግጦሽም ባለመብቱ ይካፈላል። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ፈርሶ አምባው ክፉኛ ተጎድቶ ነበር፤ በኋላ ሕዝቡ ራሱ መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ ጥበቃውን መልሶ አቆመው። ዛሬም ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይታይበታል። ቁጥር 12 ግን ይህንንም በዝምታ አላለፉም። በቀድሞው ሥርዓት ባለመብት የሚባለው የሁለቱ አቅኚ አባቶች፣ የአስቦና የጌራ ዘር ብቻ መሆኑን፣ ከዚያ ዘር ያልተወለደው ሣሩን በሩቅ ከማየት በቀር ዕጣ እንዳልነበረው አሳስበዋል። የመንዙ ሰውም እውነት መሆኑን አልካዱም። እንዲህ ያለ ክርክር በየመድረኩ ቢበዛ ደስ ይለኛል።

ከቁጥር 15 ጀምሮ ነገሩ ከጋራው ወደ ወንዙ ወረደ። ጸሐፊው ከኮምቦልቻ በታች ቦርከናን እየጠለፉ ሽንኩርት የሚያለሙ ገበሬ ናቸው። በአንዳንድ ቀን ማለዳ ወደ ቦያቸው የሚገባው ውኃ ቀለሙ ተለውጦ፣ አረፋ ተሸክሞ እንደሚመጣ፣ ከብቶቻቸው አሽትተው እንደሚመለሱ፣ ላይኛው ወገን ያለውን ፋብሪካ ሲጠይቁ ወደ አንድ ቢሮ፣ ቢሮውም ወደ ሌላ ቢሮ እንደ መራቸው ጻፉ። ሦስተኛው ቢሮ የናሙና ጠርሙስ ይዘው እንዲመጡ ነገራቸው። በዘይት ጠርሙስ ቀድተው ቢወስዱ ደግሞ ጠርሙሱ ንጹሕ አይደለም ተባሉ። እርሳቸው ሁለት ቀን የእርሻ ሥራ አጉድለው ነበር የሄዱት።

ቁጥር 16 የሕግ ባለሙያ ናቸው፤ ክሩ ከጠቀመ የጠቀመው በዚህች ምላሽ ነው ብል አላጋነንሁም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። ከዚያም የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንድ ሰው ስለ ብክለት አቤት ለማለት ጉዳቱ በራሱ ላይ መድረሱን ማስረዳት ሳያስፈልገው አቤቱታውን ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት እንዲያቀርብ፣ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ቅር ከተሰኘ ፍርድ ቤት እንዲሄድ ይፈቅድለታል። ስለዚህ ገበሬው ጠርሙስ ይዘው ከመንከራተታቸው በፊት አቤቱታቸውን በጽሑፍ አድርገው ገቢ የሆነበትን ቀንና ቁጥር ቢቀበሉ፣ ቀኑ መቆጠር ይጀምርላቸዋል። እግረ መንገዳቸውንም የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በሐምሌ 2022 እ.ኤ.አ. ይህንኑ መብት በ161 ድምፅ ሲቀበል፣ ድምፀ ተአቅቦ ካደረጉት 8 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ እንደ ነበረች ጠቅሰዋል። በሕገ መንግሥታችን ላይ ያሰፈርነውን መብት በዓለም ፊት ለመደገፍ ስለ ምን እንዳመነታን ቢጠይቁም መላሽ አላገኙም።

ቁጥር 17 የኬንያዊቷን የፊሊስ ኦሚዶን ታሪክ አነሡ። ኦሚዶ ሞምባሳ አጠገብ ኦዊኖ ኡሁሩ በሚባል የድሆች ሰፈር ያለ፣ አሮጌ ባትሪ እያቀለጠ እርሳስ የሚያወጣ ፋብሪካ ተቀጣሪ ነበረች። የምታጠባው ልጇ ታሞ ሐኪሞች ምክንያቱ ሲጠፋባቸው ቆይተው፣ በመጨረሻ በደሙ ውስጥ እርሳስ ተገኘበት። ሥራዋን ትታ የሰፈሩን ሰው አስተባበረች፤ ታሰረች፤ ፋብሪካው በ2014 ተዘጋ። በ2020 ፍርድ ቤት ለሰፈሩ ነዋሪዎች 1.3 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ካሣ ፈረደ። የቦርከናው ገበሬ ይህን ካነበቡ በኋላ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሴትዮዋ ያን ሁሉ ዓመት ማን ያበላት እንደ ነበር። ጥያቄው ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ከዚህ በታች ተመልሶ ይመጣል።

መድረኩን ያጋለው ቁጥር 18 ነው። ጸሐፊው የጎልድማን የአካባቢ ጥበቃ ሽልማት በ2012 ለኢካል አንጀሌይ መሰጠቱን አስታውሰው፣ ይህች ኬንያዊት የተሸለመችው የእኛን ግልገል ጊቤ 3 በመቃወሟ ስለሆነ፣ ተሟጋች የሚባሉትን ሁሉ በጅምላ ከማወደሳችን በፊት የማን ጥቅም አስጠባቂ መሆናቸውን እንመርምር አሉ። 1,870 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ግድብ እንዳይሠራ የተሟገተች ሰው ኩራዝ አብርቶ ላጠና የወሎ ልጅ ምኑ ናት ሲሉም ጠየቁ። በቁጥር 19 የተሰጠው መልስ ስድብ ቀላቅሎ ስለ ነበር አስተባባሪው ግማሹን አንሥተውታል። የተረፈው ግማሽ ግን ቱርካና ሐይቅ 90 በመቶ የሚሆነውን ውኃ የሚያገኘው ከኦሞ ወንዝ መሆኑን፣ በሐይቁ ዳር ዓሣ አስግሮ የሚያድር ሰው ወንዙ ከላይ ሲያዝ ዝም እንዲል መጠበቅ እንደማይገባ ያስረዳል። እኔ በጉዳዩ ላይ አቋም ለመያዝ ወዲያና ወዲህ ስል፣ የቦርከናው ገበሬ ቁጥር 20 ላይ አጭር ቃል አኖሩ። ከእርሳቸው በታች ደግሞ ቦርከና አዋሽ ሲገባ የሚጠብቁት አፋሮች አሉ፤ እርሳቸው በጠለፉት ቁጥር ለእነዚያ ይጎድላል፤ እነዚያ ሰዎች መጥተው ቢከሷቸው ግን የጠላት ተላላኪ ሊሏቸው አይዳዳቸውም። ወሎ ውኃዋ በበሽሎ ወደ ዓባይ፣ በተከዜ ወደ ሰሜን፣ በቦርከናና በሚሌ ወደ አዋሽ የሚወርድ የላይኛው አገር ናት፤ ከላይ የተቀመጠ ሰው ስለ ወንዝ ሲናገር የታችኛውን ቢያስብ አይከፋም። ቁጥር 18 ከዚያ በኋላ አልተመለሱም።

ቁጥር 21 እና 22 የሐይቅ ቆሮሶ ከጣና ዓሣ ይጣፍጣል አይጣፍጥም በሚል ተጠምደው ውለዋል። ከሌላ ውኃ መጥቶ የተጨመረ ዓሣ የሐይቅ ሊባል ይገባዋል ወይ የሚል ጥያቄ እስኪነሣ ድረስ ዘልቀው ሄዱና አስተባባሪው መለሷቸው።

ቁጥር 23 ከወልዲያ አካባቢ ነው። በጦርነቱ ጊዜ መብራት ለወራት ሲጠፋ ከተሜው ሁሉ ወደ ማገዶ ዞረ፤ ለዓመታት የተጠበቀ ተዳፋት በአንድ በጋ ተላጨ፤ ጠባቂውም ለተራበ ሰው ምን ብሎ እንደሚከለክል ግራ ገብቶት ዱላውን ጥሎ ገባ። በቁጥር 24 ግሎባል ዊትነስ የተባለው ድርጅት በ2023 በዓለም ዙሪያ 196 የመሬትና የአካባቢ ተሟጋቾች መገደላቸውን፣ ከእነዚህም 79ኙ ኮሎምቢያውያን መሆናቸውን መዝግቦ ማውጣቱ ተነሣ። ቤርታ ካሴሬስም ለሌንካ ሕዝብ የጓልካርኬን ወንዝ ከግድብ ስትከላከል በ2015 ተሸልማ፣ ዓመት ሳይሞላ በመጋቢት 2016 በቤቷ ተገድላለች፤ የግድቡ ኩባንያ የቀድሞ ኃላፊም በግድያው ተሳታፊነት በ2021 ጥፋተኛ ተብሏል። ቁጥር 25 ላይ የጻፉት ዲኤ (የግብርና ልማት ሠራተኛ)፣ በእኛ አገር ጠባቂ ላይ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ጥይት ሳይሆን ኩርፊያ መሆኑን ገለጹ። ማሳው ላይ ሌሊት ከብት ይለቀቅበታል፤ ልጁ ሲዳር ሰው ይጎድልበታል። በሴፍቲኔት እህል የሚሠራ እርከን በዘመቻው ወር ይሠራል፤ ያንን እርከን በነሐሴ ዝናብ መካከል ዞሮ የሚያየው ሰው ግን በየትኛውም ዕቅድ ላይ ተመድቦ አላዩም።

በዚህ ላይ ነው ተሟጋቹን ማን ያበላዋል የሚለው የቦርከናው ገበሬ ጥያቄ የተመለሰው። ቁጥር 26 ላይ የጎጣችን ሴት እንደገና ጻፉ። ያ ጠባቂ አሁን አርጅቷል፤ ዓይኑም ደክሟል። ሊተካው የነበረው ልጁ በጅቡቲ አድርጎ ሳዑዲ ከገባ ሰንብቷል። ቅሬው ከመስከረም ጀምሮ ሁለት ጊዜ ተሰብስቦ፣ ሣሩ ሲታጨድ ከየቤቱ አንድ ሸክም ለአዲሱ ጠባቂ እንዲወጣ ተስማምቷል። ቁጥር 12 ፍየል ብቻ ያላቸው ሴቶችስ ብለው በቁጥር 27 ሲጠይቁ፣ እነርሱ ቀድመው እንዲያጭዱና ሸክሙን እንዳያዋጡ የተወሰነ መሆኑን፣ ይህንንም ያስወሰኑት ራሳቸው ሴቶቹ በስብሰባው ላይ ተነሥተው መሆኑን አስረዷቸው። ቁጥር 12 ከዚያ በኋላ የጻፉት አመሰግናለሁ የሚል አንድ ቃል ነው፤ በዚህ ክር ውስጥ ከእርሳቸው የወጣ ብቸኛው ለስላሳ ቃል ይኸው ነው።

ቁጥር 29 የእኔ ነው። የእናቴ ቤት በሣሩ ድርሻ መዝገብ ላይ አሁንም እንዳለ ጠየቅሁ። የጎጣችን ሴት መዝገቡን አስጠይቀው በሁለተኛው ቀን መለሱልኝ። እናቴ ካረፈች በኋላ ከቤታችን ለጅጌ የወጣ ሰው ስለሌለ ስማችን ተሰርዟል። ለመመለስ የሚፈልግ በጥር ወር ክትሩ ሲጠገን የራሱን ዶማ ይዞ ሦስት ቀን መሥራት አለበት፤ በገንዘብ መተካት አይቻልም። ዶማውን ከደሴ ገበያ ገዝቼ እንደምመጣ ጻፍሁላቸው። ዛቢያውን ግን ከወይራ እንዳላስቆርጥ አስጠንቅቀውኛል።